ለማስተማር የሚመች መዝገብ

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቃለአብ ሽብሩ ለሠላሳ አራተኛ ጊዜ ተያዘ። የያዙት ሁለት ወጣት መርማሪዎች ናቸው። አንደኛው የመያዣ ትእዛዙን ያሳየዋል። ሌላኛዋ መብቱን በቃሏ ትነግረዋለች። የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ የሚናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል፣ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ነገረችውና እዚያ ላይ ጠፋባት። ጣሪያውን ታይ ጀመር።

«በሚገባኝ ቋንቋ» አላት ቃለአብ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ይቅርታ፤ በሚረዱት ቋንቋ ክሱ ሊነገርዎት ይገባል» አለች ልጅቷ፣ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለችው መብራትም አረንጓዴ ሆነች። ፈተናውን አልፋለች ማለት ነው። ወደ መኪናው ሲወስዱት ክንዱን እንደ ብርጭቆ ነበር የያዙት። መኪናው ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና ከተነሳበት በር ላይ መልሶ አወረደው።

በሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከሞጆ ወጣ ብሎ በሚገኘው የፍትሕ ልምምድ ማዕከል፣ ሰው የሚያዘው እንዲህ ነው። ማዕከሉ በዓመት ሦስት ዙር ያሠለጥናል። አንዱ ዙር ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ሳምንት የመርማሪዎች፣ ሁለተኛው የዐቃብያነ ሕግ፣ ሦስተኛው የዳኞች ነው። ሦስቱም ሙያቸውን የሚለማመዱት በቃለአብ ላይ ነው።

ስለ አያያዙ የሚነሳ ቅሬታ የለም። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል። ሐኪም ረቡዕ ረቡዕ ያየዋል። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ይመረመራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ጮሆበት አያውቅም፤ የክፍሉ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ ገመቹ እንኳ በሩን ሳያንኳኳ አይገባም፣ ሲገባም «ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ?» ብሎ ነው። የአቤቱታ ሣጥኑ አርብ አርብ ይከፈታል። ቃለአብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ይጽፍ ነበር፤ ጉዳዬ እውነተኛ ችሎት ፊት ይቅረብልኝ እያለ። መልሱም በየሳምንቱ፣ ሳይውል ሳያድር ይመጣል። «ያቀረቡት ሐሳብ ለቀጣይ ሥልጠና በግብዓትነት ተወስዷል» ይላል። ኋላ መጻፉን ተወው።

ነገሩ የተበላሸው በማንም ክፋት አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቃለአብ ሲከሰስ በአንድ ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት በዓይን አረጋጋጭ ነበር። መሬቱን ከሰማይ የሚለኩት መሣሪያዎች ናቸው፤ በጣት ስፋት እንኳ አይሳሳቱም። ሕጉ ግን የሰው ዓይን ስለፈለገ፣ ከእያንዳንዱ ልኬት ሥር «ከቦታው ድረስ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ሠራተኛ ተቀጠረ። በቀን ሁለት መቶ ቅጽ ይመጣል። ሁለት መቶ ቦታ በቀን ማን ይዞራል? አንድም ሰው ከወንበሩ አይነሳም ነበር። ከነዚያ ቅጾች በአንዱ ምክንያት ቃለአብ በሙስና ተከሰሰ፤ አንቀጹ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚያስቀጣና ዋስትና የሚከለክል ነው።

መዝገቡን አንድ ኮሚቴ አየውና ወደደው። አይወፍርም፣ አይቀጥንም። አምስት የሥነ ሥርዓት ግድፈቶች አሉበት፤ ቤቱ የተፈተሸው ያለ ትእዛዝ ነው፣ ፍርድ ቤት የቀረበው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ አይደለም፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ሠልጣኝ አምስቱን ግድፈቶች ለቅሞ ማስረጃውን ውድቅ ካደረገ ተከሳሹን ነፃ ይለዋል፤ የማዕከሉ ትክክለኛ መልስም ይኸው ነው። ለአንድ ዙር ብቻ ተብሎ መዝገቡ ከነባለቤቱ ወደ ማዕከሉ መጣ።

ከዚያ አንድ ጥሩ ደንብ ወጣ፤ በዚህ መዝገብ ያልሠለጠነ ዳኛ የሙስና ችሎት አይቀመጥም የሚል። ከጥንት የነበረ ሌላ ጥሩ ሕግ ደግሞ አለ፤ በአንድ ጉዳይ አስቀድሞ ሐሳቡን የሰጠ ዳኛ ከዚያ ጉዳይ ይነሳል የሚል። ሁለቱ ጥሩ ነገሮች ተገናኙና ቃለአብን መሃል አስገቡት። በአገሩ ያለ የሙስና ዳኛ ሁሉ በሥልጠናው ነፃ ብሎታል። ነፃ ስላለውም ሊዳኘው አይችልም።

ሠላሳ ሦስት ጊዜ ነፃ ተብሏል እንግዲህ። ልጁ ሔርሜላ ውሳኔዎቹን ሁሉ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች፤ ከእያንዳንዳቸው ግርጌ «ለሥልጠና ብቻ» የሚል ማኅተም አለ። እሑድ እሑድ ስትመጣ አባቢ፣ ይሄ ሁሉ ዳኛ ሊሳሳት አይችልም ትለዋለች። እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ጉዳዩን አድርጎታል ወይስ አላደረገም የሚለውን ማንም ጠይቆት አያውቅም። የእምነት ክህደት ቃል የሚባለው ደረጃ ነጥብ ስለማይያዝበት ከሥልጠናው ወጥቷል፤ ከጊዜ በኋላ ቃለአብም ራሱን መጠየቅ አቁሞ ነበር።

በሠላሳ አራተኛው ዙር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ዋና አሠልጣኟ ወይዘሮ ኖላዊት ፊቷ በርቶ ወደ ክፍሉ መጣች። ቅን ሴት ናት፤ ቃለአብን ትወደዋለች። እንኳን ደስ አለዎት አለችው። ኮሚቴው መዝገቡን ገምግሞ፣ አቻ የለውም ብሎ፣ ለተጨማሪ አሥር ዓመት እንዲሠራበት አጽድቆታል። አንድ ጥቅል ኬክም ይዛለች።

ቃለአብ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኬኩን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ በሩ ሲዘጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና እስከ ምሳ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ዋለ። ፈራ። ከተያዘ ጀምሮ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

መውጫ ቀዳዳ እንዳለ ካወቀ ቆይቷል። የሥልጠናው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሰማንያ በመቶ የተገኘ ሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ያገኛል ይላል። ውሳኔ የሚሰጠው በመጨረሻዋ ቀን ነው። ያችን አንዲት ቀን የቀረ ዳኛ የሠለጠነ ይሆናል፣ ሐሳብ ያልሰጠም ይሆናል፤ ሊዳኘው ይችላል። ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በመጨረሻዋ ቀን የቀረ ሰው አልታየም። አበል የሚከፈለው፣ የምስክር ወረቀቱ የሚታደለው፣ ፎቶ የሚነሳው ያን ቀን ነዋ። የታመመም ሰው ቢሆን ተደግፎ ይመጣል።

አንዱን ዳኛ ጠርቶ፣ እባክህ አርብ ቅርልኝ ማለት ይችል ነበር። ግን ዳኛን ለብቻ አግባብቶ ውለታ መጠየቅ ራሱን የቻለ የሙስና ወንጀል ነው። ይህን ትምህርት ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሰምቷል፤ ምሳሌ ሆኖ የቀረበውም እሱ ነው። ስለዚህ ማንንም አልጠየቀም።

የዳኞች ሳምንት ደረሰ። ረቡዕ ዕለት የመሃል ወንበሩ ተራ የዳኛ ኤልዳና ጉርሜሳ ነበር። ከመቱ የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሌሎቹ አምስቱን ግድፈቶች እስከ ማክሰኞ ለቅመው ሲጨርሱ እሷ ገና ገጽ ትገልጣለች። ማክሰኞ እጇን አውጥታ፣ ሰባ ሦስተኛው ገጽ ላይ አቤቱታ የጻፉት ቤዛ የሚባሉ አሮጊት ማን ናቸው ብላ ጠይቃ ነበር። ወይዘሮ ኖላዊት ያ ገጽ ነጥብ እንደማይያዝበት ነገረቻት። ቃለአብ ያን ስም ሌላ ሰው ሲጠራው የሰማው ያን ጊዜ ነው። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

በየዙሩ ዳኛው ተከሳሹን፣ ለችሎቱ የሚያመለክተው ነገር እንዳለው መጠየቅ አለበት። ሁለት ነጥብ አለው። ቃለአብም ሁልጊዜ የለኝም ይላል፤ ዳኛውም አመስግኖ ያልፋል።

«ተከሳሽ፣ ለችሎቱ የሚያመለክቱት አለ?» አለች ኤልዳና።

«አለኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

ሠልጣኞቹ ቀና አሉ። ቃለአብ ከመቀመጫው ተነሳ። ጠረጴዛውን ያዘ።

«እኔ ተከሳሽ ሆኜ እንድተውን የተቀጠርኩ ደመወዝተኛ አይደለሁም» አለ። «እውነተኛ ተከሳሽ ነኝ። መዝገቡም የራሴ ነው። በዚህ መዝገብ ሐሳቡን ያልሰጠ፣ ሥልጠናውንም የጨረሰ ዳኛ በአገሩ ስለሌለ አሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ሳላይ ቆይቻለሁ። አሁን ደግሞ አሥር ዓመት ተጨምሮልኛል። ከአንዳችሁም ምንም አልለምንም፤ ዳኛ እንደማይለመን እዚሁ ተምሬያለሁ። ተጠየቅሁና ያለውን ተናገርኩ።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አዲስ ፈተና የመጣ መስሏቸዋል። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነው፣ እኔማ አምኜ ነበር አለ አንዱ ለጎረቤቱ። ወይዘሮ ኖላዊት ትንሽ ደነገጠች፤ ቶሎ ራሷን ሰበሰበችና ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥም ችሎት እንዴት እንደሚመራ መታየቱ ጥሩ ነው ብላ ለኤልዳና ሁለቱን ነጥብ ሰጠቻት። ኤልዳና አላጨበጨበችም። ቃለአብን ትክ ብላ አየችው፣ የተናገረውን አንድ በአንድ ጻፈችና ችሎቱን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ገመቹ ወሬ አመጣ። ያቺ የመቱዋ ዳኛ ወደ ቢሮ ገብታ፣ ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው ወይ ብላ ጠይቃለች አለው። እውነት መሆኑን ነግረዋታል፤ የሚደብቀው ማን አለ? ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው፤ ሐሳብ ካላት በአስተያየት ቅጹ ላይ ታስፍር ተብላለች። ስትወጣ በሩ ላይ ማስታወቂያው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር አለ ገመቹ። ቃለአብ ያን ቀን እራቱን አልበላም።

አርብ ጠዋት ወደ አዳራሹ ሲገባ ሃያ አራት ወንበሮች ነበሩ፤ ሃያ ሦስቱ ላይ ሰው አለ። አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስም ሲጠራ «ኤልዳና ጉርሜሳ» ተባለ፣ መልስ የለም። ሆዷን አሟት ይሆናል አለች አንዲት ሠልጣኝ። ፎቶው ያምልጣት እንግዲህ አለ ሌላው። ቃለአብ በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ፣ ከግራሩ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች። ከአዳራሹ በር ሠላሳ እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። አበሏን፣ ፎቶዋን፣ ምናልባትም የዙሩን አንደኛነት ትታ እዚያ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አላየችም።

ሃያ ሦስቱ ዳኞች ተራ በተራ ተነስተው ነፃ አሉት። ቃለአብ በደስታ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሠልጣኞቹ በውሳኔያቸው የተነካ መስሏቸው እነሱም ዓይናቸውን ጠራረጉ። እንደ ልማዱ መሃል አስገብተውት ፎቶ ተነሱ።

ሠልጥኖ ሐሳቡን ያልሰጠ ዳኛ በመገኘቱ እውነተኛው ችሎት ኅዳር ላይ ተሰየመ። ማዕከሉ ውስጥ ሳይሆን ከተማ መሃል፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ አግዳሚ ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ፍርድ ቤት ውስጥ። ቃለአብ አካባቢውን ሲያይ ደስ አለው። እዚህ ማንም ክንዱን እንደ ብርጭቆ አልያዘውም፤ አንድ ፖሊስ ና፣ ግባ፣ እዚያ ቁም አለው። ሔርሜላ ከፊት አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ጣቶቿን ሰብስባ ወደ አፏ አስጠጋችለት። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት እንገባለን ማለቷ ነው። ዶሮ ወጥ ሠርታ እንደምትጠብቀው እሑድ ነግራዋለች።

ዳኛ ኤልዳና ገብታ ተቀመጠች። ተከሳሹን በሥልጠና ላይ እንደምታውቀው፣ በጉዳዩ ግን ሐሳብ እንዳልሰጠች ተናግራ፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ጠየቀች። ዐቃቤ ሕጉ ተቃውሞ የለኝም አለ። ቃለአብም የለኝም አለ። ክሱ ተነበበ። ከዚያ ኤልዳና መነጽሯን አወለቀች።

«አቶ ቃለአብ፣ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ዝም ቢሉ ዝምታዎ አይቆጠርብዎትም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል፣ ክብርት ዳኛ።»

«እንግዲያው ልጠይቅዎት። የተከሰሱበትን ድርጊት ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

ይህን ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀው አልነበረም። መልሱ ቀላል ነው። አልፈጸምኩም ማለት፣ ወይም ዝም ማለት። አምስቱ ግድፈቶች የቀረውን ይሠሩታል፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ሆነው ሠላሳ አራት ጊዜ ሲሠሩት አይቷል። ቤት ምሳ አለ። አዎ ካለ ደግሞ አንቀጹ አሥራ አምስት ዓመት ድረስ ይሄዳል።

ወደ ዳኛዋ ጠረጴዛ አየ። መዝገቡ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ገጹ ሰባ ሦስተኛው መሆኑን ከሩቅ አወቀው፤ የአሮጊቷ ፊደላት ትልልቅ ናቸው።

«ፈጽሜያለሁ» አለ።

የዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ቃለአብ ወደ ልጁ ዞሮ ለማየት ድፍረት አጣ፤ ፊት ለፊት እያየ ቀጠለ።

«አለቃዬ ይቺን ቅጽ ቶሎ ፈርምልኝ አለኝ። የልጄን የትምህርት ቤት ጉዳይ እሱ እንደሚጨርስልኝ ነገረኝ። ቦታው ባዶ መሬት ነው፣ ተክልም ሰውም የለበትም ይላል ቅጹ። በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። አላየሁም። እማማ ቤዛ እዚያ ቤት ነበራቸው፣ ጓሮ ነበራቸው። በሳምንቱ አፈረሱባቸው። ልጄ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባች።»

ኤልዳና ሁሉንም ጻፈች። እማማ ቤዛ በሕይወት እንዳሉ ዐቃቤ ሕጉን ጠየቀችው። ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል አለ። ችሎቱ ለአንድ ሰዓት ተቋረጠ።

ሲመለሱ ፍርዱ አጭር ነበር። ያለ አግባብ የተሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ውድቅ ሆኗል፤ አምስቱም ግድፈቶች ተጠቅሰዋል። የቀረው የተከሳሹ የራሱ ቃል ነው። ቃሉ የሚያሳየው ክሱ ላይ ከተጻፈው የቀለለ ወንጀል በመሆኑ በዚያው ጥፋተኛ ተብሏል። ቅጣቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ታስሮ ስለቆየ አሁኑኑ ይለቀቅ። እዚህ ላይ ዳኛዋ ቆም አለች።

«ትርፉን ስምንት ዓመት በተመለከተ» አለች፣ «ችሎቱ ፈልጎ አንቀጽ አላገኘም። መታጣቱ ግን በመዝገቡ ላይ ይስፈር።»

ማኅተሙ ሲያርፍ ቃለአብ ከልማድ የተነሳ ግርጌውን አየ። «ለሥልጠና ብቻ» አይልም።

ዕቃውን ለመውሰድ ወደ ማዕከሉ ሲመለስ ገመቹ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ጠበቀው። ወይዘሮ ኖላዊት ቢሮዋ ነበረች፤ ጨበጠችው፣ ዓይኗ ቀልቷል። መዝገቡ እውነተኛ ውሳኔው ከማዕከሉ መልስ ጋር ስላልተስማማ ከሥልጠናው መውጣቱን ነገረችው። ቃለአብ አዝኖ ይሆናል ብላ ሰግታ፣ አይጨነቁ፣ ሌላ ለማስተማር የሚመች መዝገብ ተገኝቷል አለችው። አንዲት ወጣት የግዥ ሠራተኛ ናት፤ ማክሰኞ ትገባለች። ለአንድ ዙር ብቻ ነው አለችው። ቃለአብ የሠራተኛዋን ስም ጠየቀ፣ ወረቀት ላይ ጻፈና ኪሱ ከተተ። ቆይቶም የዳኛ ኤልዳናን አድራሻ ከስሙ ሥር ጨመረበት። ኪሱን ሁለት ጊዜ ዳሰሰ።

ሔርሜላ በሩ ላይ ቆማለች። ከፍርድ ቤቱ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሻንጣውን ተቀበለችውና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ሄዱ። ግድግዳዋ ላይ የሰቀለቻቸው ሠላሳ አራቱ ወረቀቶች በቃለአብ ዓይን ላይ ይመጣሉ።

«ልነግርሽ ይገባ ነበር» አላት በመጨረሻ።

«እኔም ጠይቄህ አላውቅም እኮ» አለች። ወዲያው ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች ነበር። አላባበላትም፤ መብት እንደሌለው ተሰማው። አውቶቡሱ መጣ። ወደ ቤት የሚሄደው ነው። ሔርሜላ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገችና መልሳ አወረደችው።

«ቦታው የት ነው?» አለችው።

ያውቀዋል። የልኬት ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሄዶበት ግን አያውቅም። ሌላ አውቶቡስ ያዙ፣ ወርደው በእግር ሄዱ፣ ሁለት ጊዜ ሰው ጠየቁ። ዶሮ ወጡ ቤት ቀዝቅዟል። አሥር ሰዓት ገደማ ከአንድ የዛገ ቆርቆሮ አጥር ፊት ደረሱ። ውስጡ የተጀመረ ሕንፃ አለ፤ ሁለተኛው ወለል ላይ ቆሟል፣ ብረቱ ወደ ላይ እንደወጣ ቀርቷል፤ ሠራተኛ የለበትም።

ሔርሜላ አጥሩ ከተቀደደበት በኩል አጎንብሳ አየች፣ ከዚያ ለአባቷ ቦታ ለቀቀችለት። ቃለአብ ጉልበቱን ይዞ ዝቅ አለ። ከሕንፃው ጀርባ፣ የአንድ ጓሮ ድንበር በነበረበት መስመር፣ አምስት የጌሾ ቁጥቋጦዎች ተደርድረው ቆመዋል። ማንም አላጠጣቸውም፣ ማንም አልቆረጣቸውም፤ ቁመታቸው ከሰው በልጧል። ከሥራቸው አንድ የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ተኝቷል።

ቃለአብ እዚያው አጎንብሶ ቆየ። ሔርሜላ ወገብህን ያምሃል፣ በቃህ አለችው። ቆይ አላት፤ ጌሾዎቹን እንደገና ከዳር ጀምሮ አየ።